ትንሿ ጣት ለምን ትደክማለች? ስለ ሜካኒካል ኪቦርድ ቅርፅና ስለ እጃችን

«ጭብጥ» የምትለዋን ቃል እንውሰድ። ወረቀት ላይ ሦስት ፊደል ናት። ኪቦርድ ላይ ግን አምስት ቁልፍ ታስነካለች። ሺፍት ይዞ ሲ፣ ከዚያ ቢ፣ እንደገና ሺፍት ይዞ ቲ። ከአምስቱ ሁለቱ ሺፍት ናቸው። ሐዋሳ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ስድስት ዓመት ማመልከቻና አቤቱታ ጽፌያለሁ። ይህቺ ቃል ያልገባችበት ቀን አልነበረም።

ሺፍትን የምትጫነው ደግሞ ከጣቶቻችን ሁሉ ደካማዋ፣ ትንሿ ጣት ናት። በሦስተኛው ዓመት የግራ እጄ ትንሿ ጣት ከሥሯ ትጠዘጥዘኝ ጀመር። ማታ ልብስ ሳጥብ ጨርቅ መጭመቅ አቃተኝ። መጀመሪያ ብርድ ነው አልኩ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ነው ብዬ በቅባት አሸሁት። አልለቀቀኝም። ነገሩ ብርድ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ፊቴ የሚቀመጠው ዕቃ ቅርፅ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዛሬ ስለዚያ ቅርፅ ልጻፍላችሁ። ተማሪም ሁኑ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ እንደኔ ጸሐፊም ሁኑ፣ ይመለከታችኋል።

ኤርጎኖሚክስ የሚባል ዕውቀት አለ። ዕቃን ከሰው አካል ጋር እንዲስማማ አድርጎ መሥራት ማለት ነው። ወንበር ለጀርባ፣ የመጥረቢያ እጀታ ለመዳፍ ይሠራል። ኪቦርድ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ዕቃው እንዳለ ይቀመጥና እጃችን ይጠመዘዛል።

አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክሩ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡና እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁት። ከዚያ ክርናችሁን ከጎናችሁ ሳታርቁ ክንዳችሁን ብቻ ወደ ፊት አንሱ። መዳፋችሁ ወዴት ይመለከታል? ወደ መሬት አይደለም። ሁለቱ መዳፎች ሊተያዩ ምንም አልቀራቸውም። የእጅ አንጓችሁ ቀጥ ያለ ነው። በሁለቱ እጆች መካከል ያለው ርቀት የትከሻችሁን ስፋት ያህላል። እጅ የሚያርፍበት አቀማመጥ ይሄ ነው።

ከዚያ ሳትነሱ ተራ ኪቦርድ ላይ አስቀምጡት። መዳፋችሁ ወደ ታች መገልበጥ አለበት። ሲገለበጥ በክንድ ውስጥ ካሉት ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ይተላለፋል፤ ጡንቻውም ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ይዞት ይቆያል። ቁልፎቹ መሃል ላይ ስለተሰበሰቡ ሁለቱም እጆች ወደ መሃል ይገባሉ። ጣቶች ከቁልፉ ጋር እንዲገጥሙ ደግሞ አንጓው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይታጠፋል። ትከሻ ሰፊ የሆነ ሰው ላይ ይሄ ይብሳል። በመጨረሻም ኪቦርዱ ከጠረጴዛው ከፍ ስለሚል አንጓው ወደ ላይ ይቀለበሳል።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ምክንያቱ አንጓ ውስጥ ነው። በመዳፍ በኩል፣ አንጓ ላይ አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከታችና ከጎን አጥንት፣ ከላይ ጠንካራ ማሰሪያ ነው። በዚያ ውስጥ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። የሚለጠጥ ግድግዳ የለውም። አንጓ ወደ ላይ ሲቀለበስ ውስጡ ያለው ጫና ይጨምራል። ጅማቶቹ ሲያብጡም ቦታ ይጠባል። የሚጎዳው ነርቩ ነው።

መደንዘዙ የት እንደሆነ ልብ በሉ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከደነዘዙ ነገሩ ከዚህ ነርቭ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሌላኛው ግማሽ ከሆኑ ደግሞ ነርቩ ሌላ ነው፤ በክርን በኩል የሚያልፈው። ክርንን ጠርዝ ላይ አስደግፎ መሥራት እሱን ይጫነዋል። ሌሊት የሚቀሰቅስ መደንዘዝ ወይም ብርጭቆ ከእጅ ማምለጥ ከመጣ ወደ ሐኪም ሂዱ። ኪቦርድ መለወጥ ሕክምና አይተካም።

ኪቦርዱ እንዲህ የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ 150 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ላተም ሾልስ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው የጽሕፈት መኪና በሬሚንግተን ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ1874 ገበያ ላይ ዋለ። እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ ረጅም የብረት ዘንግ ነበረው። የላይኛው ረድፍ ዘንግ ከታችኛው ረድፍ ዘንጎች መሃል ሾልኮ ማለፍ ስላለበት ረድፎቹ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ተንሸራተቱ። ዛሬ ዘንግ የለም፤ ኪቦርድ ውስጥ ያለው ሽቦና ሰርኪዩት ነው። መንሸራተቱ ግን አብሮን ቀረ። ጣታችን ወደ ላይና ወደ ታች ቀጥ ብሎ ነው የሚታጠፈውና የሚዘረጋው። ቁልፎቹ ግን በሰያፍ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው ሁለቱም እጆች ወደ ግራ በኩል ባዘነበለ ሰያፍ መሥራታቸው ነው። ለቀኝ እጅ ይሄ ያን ያህል አይከፋም። የግራ እጅ ግን ከተፈጥሮው በተቃራኒ ይታጠፋል።

አማርኛ ስንጽፍ ጭነቱ ይከብዳል። ብዙ ሰው የሚጽፈው የአማርኛውን ድምፅ በሚመስለው የላቲን ፊደል ቁልፍ ነው። ኤል ሲጫን «ል»፣ ኤል እና ኤ ሲጫኑ «ላ» ይወጣል። ከሳድስ በቀር እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋል። ራብዕ ሁሉ የሚወጣው ኤ በምንላት በመጀመሪያዋ የላቲን ፊደል ነው። እሷ የምትገኘው በግራ ትንሿ ጣት ሥር ነው። እስቲ «አመልካች»፣ «ማስረጃ»፣ «ማመልከቻ» የሚሉትን ጻፉና ጣቷን ቁጠሯት። በዚያ ላይ ጠ፣ ጨ፣ ኘ እና ዠ በብዙው ዘዴ የሚወጡት ሺፍት ተይዞ ነው። ብዙዎቻችን የምንጫነው ደግሞ የግራውን ሺፍት ብቻ ነው። ራብዕም ሺፍትም በአንድ ትንሽ ጣት ላይ ወደቁ ማለት ነው።

እዚህ ሐዋሳ ሌላም አለ። አንድ ጸሐፊ ጠዋት በአማርኛ ክስ ይጽፋል፣ ከሰዓት በሲዳሙ አፎ ደብዳቤ፣ ማታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ የሚረዝመውን አናባቢና የሚጠብቀውን ተነባቢ እየደጋገመ። «ሲዳሙ አፎ» በሚለው ስም ውስጥ ራሱ ኤ ትደገማለች። አሁንም የግራ ትንሿ ጣት ናት!

እንግዲህ ወደ ሜካኒካል ኪቦርድ እንምጣ። በሱቆቻችን በብዛት የሚሸጠው የጎማ ኪቦርድ ነው። ከቁልፎቹ ሥር የተነጠፈ የጎማ ቆብ አለ። ቁልፉ የሚሠራው ቆቡ ጨርሶ ሲጨፈለቅና ታች ሲነካ ነው። ጣት በእያንዳንዱ ምት ወለሉን ይመታል። ጎማው ሲያረጅ ደግሞ አንዱ ቁልፍ ይከብዳል፣ ሌላው ይለሰልሳል። ሜካኒካሉ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊችና የራሱ ሞላ አለው። የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ ኤምኤክስ የሚባለው ስዊች እስከ ታች 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚወጣው ግን 2 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። መንገዱን ግማሽ ከሄዳችሁ በቂ ነው። ወለሉን መምታት አያስፈልግም።

ስዊቾቹ በቀለም ይለያሉ። ቀዩ ለስላሳ ነው፣ ለመጫን 45 ግራም ያህል ኃይል ይፈልጋል። ጥቁሩ ልክ እንደ ቀዩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ግን 60 ግራም ያህል ይጠይቃል። ቡናማው መሃል ላይ ትንሽ እብጠት አለው፤ ቁልፉ መሥራቱን ጣት ያውቃል። ሰማያዊው በዚያ ላይ ቀጭ ይላል። 15 ግራም ትንሽ ሊመስል ይችላል። በቀን 10,000 ጊዜ ቁልፍ የሚመታ ሰው ግን በጥቁሩ ከቀዩ ይልቅ በድምሩ የ150 ኪሎ ትርፍ ኃይል ያወጣል። እኔ ለጽሕፈት ሥራ ቡናማውን እመርጣለሁ። እብጠቱ ሲሰማ ጣት መጫኑን ይተዋል፣ በጊዜ ብዛት ወለሉን መምታት ይቀራል። በጣም ቀላል የሆነው ስዊች ለሁሉ አይሆንም። ጣታችሁን ስታሳርፉ ያልፈለጋችሁት ፊደል ይወጣል፣ እሱን ፍራቻ እጃችሁን አንጠልጥላችሁ ትውላላችሁ። ያም ድካም ነው። ሰማያዊውን ለጽሕፈት ቤት አልመክርም። ባለጉዳይ ጉዳዩን እየተናገረ ትጽፋላችሁ፤ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ ይሆናል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «ሜካኒካል ስለሆነ ለእጅ ጥሩ ነው» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ሱቅ ውስጥ «የጌም ኪቦርድ» ተብሎ በባለቀለም መብራት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ያው የድሮው ቅርፅ ነው። ረድፉ ሰያፍ ነው፣ መሃሉ የተሰበሰበ ነው፣ ሺፍቱ ያው ጥግ ላይ ነው። እንዲያውም ሜካኒካል ስዊች ረጅም ስለሆነ ኪቦርዱ ከጎማው ይልቅ ከፍ ይላል፣ አንጓን የበለጠ ይቀለብሳል። ስዊቹ የሚያሳርፈው ጣትን ነው። አንጓንና ክንድን የሚያሳርፈው ቅርፁ ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ግዙ።

ቅርፁን ለማስተካከል የደከሙ ሰዎች ነበሩ። እንግሊዝ አገር ሊሊያን ማልትና ስቴፈን ሆብዴይ በ1970ዎቹ ማልትሮን የሚባለውን ኪቦርድ ሠሩ። ቁልፎቹን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አደረጓቸው፣ ምክንያቱም ጣቶቻችን ርዝመታቸው እኩል አይደለም። በእንግሊዝኛ ከሁሉ በላይ የምትደጋገመውን ፊደል ደግሞ አውራ ጣት ሥር አስቀመጧት። አሜሪካ ውስጥ ኪኔሲስ በ1992 ተመሳሳይ ጎድጓዳ ኪቦርድ በሜካኒካል ስዊች አወጣ። ማይክሮሶፍት በ1994 መሃሉ የተከፈለውን ናቹራል ኪቦርድ ይዞ መጣ፤ እሱ ግን የጎማ ነበር። በእኛም አገር ኢንጂነር አያና ብሩ ያን ሁሉ ፊደላችንን በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስፈር የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሠርተዋል። ቁልፍን ለቋንቋ ማስማማት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ዛሬ ያለው ጥሩ ሜካኒካል ኪቦርድ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ግማሹ ለግራ፣ ግማሹ ለቀኝ፤ መሃላቸው ገመድ አለ ወይም ያለ ገመድ ይገናኛሉ። እያንዳንዱን በትከሻችሁ ልክ ታርቁታላችሁ፣ አንጓው ቀጥ ይላል። የውስጠኛውን ጠርዝ ከፍ ስታደርጉት ኪቦርዱ እንደ ጣሪያ ያዘነብላል፣ መዳፋችሁም ወደዚያ መጀመሪያ ወደሞከራችሁት ማረፊያ ይጠጋል። ከትንሽ ከፍታ ጀምሩ። አንዴ ብዙ ካነሳችሁት ትከሻ ያማል። ቁልፎቹም በረድፍ ሳይሆን በዓምድ ነው የሚቆሙት። የመሃል ጣት ዓምድ ወደ ላይ ወጣ ይላል፣ የትንሿ ጣት ወደ ታች ወረድ ይላል። መዳፋችሁን ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ በእርሳስ ብትስሉት የሚወጣው ቅርፅ ነው።

እኔን ያስደሰተኝ ግን የአውራ ጣት ቦታ ነው። አስቡት፤ ከጣቶቻችን ጠንካራው አውራ ጣት ነው። ሁለት አሉን። በተራው ኪቦርድ ላይ ሁለቱም የሚጋሩት ስፔስን ብቻ ነው፣ አንዱም ሥራ ፈት ነው። ትንሿ ጣት ግን ሺፍት፣ ኮንትሮል፣ ታብ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ኢንተርና ባክስፔስ ተሸክማለች። የተከፈሉት ኪቦርዶች ለእያንዳንዱ አውራ ጣት ብዙ ቁልፍ ይሰጡታል። ሺፍት፣ ኢንተርና ባክስፔስ እዚያ ይገባሉ። ብዙዎቹ ኪዩኤምኬ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ይሠራሉ፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያወጣ ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ለውጡ የሚቀመጠው ኪቦርዱ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያየው ተራ ሺፍት ነው። ስለዚህ በየትኛውም የአማርኛ መጻፊያ ይሠራል፣ ኪቦርዱን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ብትወስዱትም አብሮ ይሄዳል። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከሁሉም ለውጥ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሺፍትን ወደ አውራ ጣት ማምጣቱን እመርጣለሁ።

የቁጥሮቹ ሰሌዳም ጉዳይ አለው። ሙሉው ኪቦርድ 104 ቁልፍ አለው። በስተቀኝ ያሉትን 17 የቁጥር ቁልፎች ስታነሱ 87 ይቀራል። ያ ሰሌዳ ሲነሳ ማውሱ ይጠጋል። የቀኝ ትከሻችሁ የሚያማችሁ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ፤ ክንዳችሁ ማውስ ፍለጋ ወደ ውጪ ተዘርግቶ ይውላል። ቁጥር የሚበዛበት ሥራ ካላችሁ የቁጥር ሰሌዳውን ለብቻ ገዝታችሁ በግራ በኩል ማስቀመጥ ይቻላል።

እንደዚህ ዓይነት የተከፈለ ኪቦርድ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከውጪ በሚመጣ ሰው እጅ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ምንም ሳትገዙ ምን ማድረግ እንደምትችሉ ልንገራችሁ።

ኪቦርዳችሁን ገልብጡና ከኋላ ያሉትን ሁለት ትንንሽ እግሮች እጠፏቸው። ሁላችንም ዘርግተናቸው ነው የምንሠራው። ሲዘረጉ ኪቦርዱ ወደ እናንተ ያዘነብላል፣ አንጓው የበለጠ ይቀለበሳል። ይህቺ አንዲት ደቂቃ አትፈጅም።

ቀጥሎ ከፍታ። ክርናችሁ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ጽሕፈት ቤቶቻችን ውስጥ ጠረጴዛው ረጅም፣ የፕላስቲክ ወንበሩ አጭር ነው። ትከሻ ተሰቅሎ ይውላል። ወንበሩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ። እግራችሁ መሬት ካልደረሰ ሁለት ጡብ ይበቃዋል። በላፕቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ተራ ኪቦርድ ሰኩበትና ላፕቶፑን ሁለት ሦስት ደስጣ ወረቀት ላይ አቁሙት። አንገታችሁ ያመሰግናችኋል።

ኪቦርዱ ከፍ ያለ ከሆነ ከፊቱ የመዳፍ ማረፊያ ያስፈልገዋል። እንጨት ቤት ሄዳችሁ ከኪቦርዱ የፊት ጠርዝ ጋር እኩል የሚሆን ቁራጭ አስቆርጡና ጠርዙን አስለስሉት። መዳፉ የሚያርፍበት ግን መጻፍ ስታቆሙ ነው። እየጻፋችሁ አንጓችሁን ከተጫናችሁበት ያንኑ ጠባብ መተላለፊያ ከውጪ መጫን ይሆናል።

ሺፍትን በተመለከተ፣ ፊደሉ በግራ እጅ ሲሆን ሺፍቱን በቀኝ ያዙ። ሲ እና ቲ ሁለቱም በግራ ናቸው። «ጭብጥ»ን በቀኙ ሺፍት ጻፉት። መጀመሪያ ያደናቅፋል፣ ግን ግራ እጅ አይወጠርም። ዊንዶውስ ላይ ሌላም መንገድ አለ። ሺፍትን 5 ጊዜ ደጋግማችሁ ስትጫኑ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ሰው ተናዶ ይዘጋዋል። እሺ ብትሉት ግን ሺፍትን ይዞ መቆየት ይቀራል፤ ነካ አድርጋችሁ ትለቃላችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል በሺፍት ይወጣል። የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም የሆነው ፓወርቶይስ ደግሞ ቁልፍን በቁልፍ ይለውጣል። ከስፔስ አጠገብ ያለውን የግራ አልት ሺፍት ብታደርጉት አውራ ጣት ይደርስበታል። ከምትጠቀሙበት የአማርኛ መጻፊያ ጋር መስማማቱን አስቀድማችሁ ሞክሩ። ቋንቋ በአልትና በሺፍት የምትቀይሩ ከሆነ ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ቀይሩ።

በመሃል ተነሱ። በየግማሽ ሰዓቱ እጅን ልቅቅ አድርጎ በር ድረስ ሄዶ መምጣት ይበቃል። ከየትኛውም ጥሩ ኪቦርድ ጋር አስር ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ያማል።

የተከፈለ ኪቦርድ ለማግኘት ዕድል ከገጠማችሁ በሥራ ወቅት አትጀምሩት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍጥነት በጣም ይወርዳል። የኪቦርዱ መሃል ሲከፈል ሳናውቅ በተሳሳተ እጅ የምንመታቸው ፊደላት ይጋለጣሉ። እኔ ቢን ሁልጊዜ በቀኝ እጄ እመታት ነበር፤ ቢ ግን ከግራው ግማሽ ጋር ሄደች። ጣቴ ባዶ ጠረጴዛ ሲነካ ሰነበተ። ለእኛ ለፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ጥሩው ጊዜ ችሎት ለክረምት እረፍት ሲዘጋ ያለው ነው። ባለጉዳይ ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ ለመለማመድ ይመቻል። በቀን አንድ ሰዓት ከአሮጌ ፋይል እየገለበጣችሁ ጻፉ፣ ቀሪውን በለመዳችሁት ሥሩ። የድሮውን ኪቦርድም እዚያው አጠገብ ተዉት። ቀጠሮ ያለፈበት ባለጉዳይ እየሮጠ ሲገባ እሱን ሰክታችሁ ጨርሱለት።